ፊቷን ወደ በሩ ያዞረች ግመል

በቡርዖ ከተማ ከግመል ገበያው እስከ ድልድዩ ድረስ የጉሌድ እጅ ያላረፈበት ግድግዳ የለም። የሥጋ ቤቱን ሙክት፣ የጥርስ ሐኪሙን ነጭ መንጋጋ፣ የልብስ ሰፊውን መቀስ፣ የወተት ቤቶቹን ግመሎች በሙሉ የሣላቸው እሱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ዘላን ከገጠር ሲመጣ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ግድግዳውን አይቶ የሚፈልገው ቤት ይገባል። ጉሌድ በዚህ ይኮራል፤ ኩራቱም ልክ የለውም። በሂና ያቀላውን ጢሙን እያፍተለተለ፣ "እኔ ባልኖር ይቺ ከተማ ጥርሷን ልታስነቅል ሥጋ ቤት ትገባ ነበር" ይላል።

ዘንድሮ ግን ኩራቱ ተነካ። የነካችው ደግሞ ባዕድ አይደለችም፤ የገዛ ልጁ ሂባቅ ናት። ሀርጌሳ ሄዳ ተማረችና ተመልሳ ከእሱ የቀለም ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ብቻ ተሻግሮ፣ የባነር ማተሚያ ቤት ከፈተች። ማሽኗ ግድግዳ የሚያክል ፕላስቲክ ከነቀለሙ እየተፋ ያወጣል። ጠዋት ያዘዘ ሰው ከምሳ በፊት ተሸክሞ ይሄዳል። ጉሌድ ደግሞ አንዷን ግመል ለመጨረስ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ በመሃል ሻይ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጫት አለ። ደንበኛው ምን ያድርግ? አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገረ። ሙክቱም፣ መንጋጋውም፣ መቀሱም በባነር ሥር ተቀበሩ።

"ያባቷ ቤት ሲዘረፍ አብራ ዘረፈች" እያለ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ያማታል። እሷም በዝምታ የምታልፍ ልጅ አይደለችም።

"አባዬ፣ ዛሬ ስንት ግመል ሣልክ?" ትለዋለች ጠዋት ጠዋት ከበሯ ላይ ቆማ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

"ግመል እንደ ፌስታል በአንድ ጀንበር አይወለድም! አንቺስ ስንት ፌስታል አተምሽ?"

"ብዙ! አንዱን ላልብስህ? ዝናብ መጥቷል።"

መንገደኛው ይስቃል፤ ጉሌድም አብሮ ይስቃል። ልጁን ይወዳታል፤ ስትመልስለት ደግሞ ይብስበታል። የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግድግዳ እያለቀበት ነው። ብሩሽ ያልያዘ ጉሌድ ማን እንደሆነ እሱ ራሱ አያውቅም።

በዚህ መሃል ነው አምባሮ አዲስ ወተት ቤት የከፈተችው። አምባሮ ምላሷ ጤፍ የሚቆላ ነጋዴ ናት፤ የራሷ ግመሎች አሏት፣ ወተቷንም ከተማው ይመሰክርለታል። ቤቷ ከግመል ገበያው ፊት ለፊት ነው። ከበሩ በስተግራ ሰፊ ግድግዳ አለ፤ ኖራ ተቀብቶ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃል። ጉሌድ ያንን ግድግዳ ገና ሲለሰን ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበታል። ሻይ ቤት ውስጥም በሰው ፊት፣ "የአምባሮን ግድግዳ ካጣሁ ብሩሼን አጥቤ እሰቅላለሁ፤ ከእናንተ ጋር ሻይ እየጠጣሁ የሚያልፈውን መኪና እቆጥራለሁ" ብሏል።

አምባሮ ራሷ መጣች። የቀለም ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ወገቧን ያዘች።

"ጉሌድ፣ ግመል ሣልልኝ። ግን ፊቷን ወደ በሩ ታድርግ።"

"የእኔ ግመል ወደ ግራ ነው የምታየው።"

"በሩ በቀኝ ነው። ወደ ግራ ካየች ለደንበኞቼ ቂጧን ሰጠች ማለት አይደለም?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ግራ ነው ያየችው። አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።"

"እንዴ! አንገቷ ደርቋል? ትንሽ አዙራት እንጂ!"

"የሚዞር ነገር ከፈለግሽ ቬንትሌተር ግዢ" አላት።

አፉ አመለጠው እንጂ እንዲህ ሊል አልፈለገም። እውነቱ ሌላ ነበር። ጉሌድ ወደ ቀኝ የምታይ ግመል መሣል አይችልም። ሰው በሌለበት ሞክሮ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ አህያ ወጣች፣ አንድ ጊዜ ሰጎን። እጁ የሚያውቀው ልጅ ሳለ የእናቱ ወንድሞች ሠፈር ያያትን አንዲት ግመል ነው፤ ብሩሹን ካስነካው እጁ ያለ እሱ ፈቃድ ያቺኑ ግመል ጨርሶ ይሰጠዋል። ይህንን ለአምባሮ ከሚነግራት ጢሙን ቢላጭ ይመርጣል።

አምባሮ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና ተመለሰች። ጉሌድ ከኋላዋ አያት። መንገዱን ስትሻገር፣ የሂባቅን በር ስታንኳኳ፣ ልጁም ወጥታ እንደ አክስት "ኤዶ አምባሮ! እንኳን ደህና መጣሽ" ብላ እጇን ይዛ ስታስገባት አየ።

ሂባቅ ሥራዋን በወጉ ነው የያዘችው። ሌላው አታሚ ቢሆን ከኢንተርኔት ያገኘውን ግመል አውጥቶ ይለጥፍ ነበር። እሷ ግን ስልኳን ይዛ ከከተማ ውጭ የአምባሮ ግመሎች ዘንድ ሄደች። ዓዶ የምትባለውን ነጯን፣ የመንጋውን እመቤት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ጠብቃ አነሳቻት። ዓዶ ግን እንደ ጉሌድ ግመል ወደ ግራ ነበር የቆመችው። ሂባቅ ምንም አልጨነቃት። ማሽኗ ፊት ተቀምጣ አንዲት ቁልፍ ነካችና ሥዕሉን በመስተዋት እንደሚታይ ገለበጠችው። ግመሏ ወደ ቀኝ ዞረች። ባነሩ በማግስቱ ከምሳ በፊት ተሰቀለ።

ከተማው ወጥቶ አየ። የዓዶ ጠጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት እንኳ ተለይቶ ይታያል። ጉሌድም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና ረጅም ጊዜ ቆሞ ተመለከተ። ያምራል። እንዲህ የሚያምር ነገር ልጁ መሥራቷ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደው።

"እንዴት ነው አባዬ?" አለችው ሂባቅ። ለመቀለድ ብትጀምርም ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበር።

"ጥሩ ነው። ወተቱ ብቻ ፕላስቲክ ፕላስቲክ እንዳይል" ብሎ ሄደ። ቤቱ ገብቶ ብሩሾቹን አንድ በአንድ በቲነር አጠባቸው፤ አደረቃቸውም፤ በክር አሥሮ ምስማር ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ ሻይ ቤት ሄዶ ቁጭ አለ። የሚያልፍ መኪና ግን አልቆጠረም፤ የሚያየው የአምባሮን ግድግዳ ነበር።

የገበያ ዕለት ነው ጉድ የፈላው። ሂርሲ ጆሮ የሚባል ዘላን ሽማግሌ ግመሎቹን እየነዳ ገበያ ሊገባ ሲል አምባሮ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሂርሲ ጆሮ የተባለው በጆሮው ትልቅነት ነው፤ በዚህ አገር ስም የሚወጣው እንዲህ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ዱላውን መሬት ላይ ጣለና ጮኸ።

"እናንተ ሰዎች! የእኛን ግመል ማነው የሰረቀው?"

ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። አምባሮም የወተት ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወጣች።

"የምን ስርቆት ነው? ይቺ የእኔ ዓዶ ናት!"

"ያንቺ ከሆነች አንገቷ ላይ የሺርዶን ልጆች ምልክት ምን ይሠራል? ሰው ግመል ሰርቆ ያጎነብሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰርቆ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ግን ገና ዛሬ አየሁ!"

ሰዎቹ ወደ ባነሩ ቀረብ ብለው ተመለከቱ። አንድ ሰው "ያ ረቢ!" አለ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮብሌና ሺርዶን ወንድማማቾች ነበሩ። የአባታቸውን ግመሎች ሲካፈሉ ሁለቱም የአባታቸውን ምልክት፣ መንጠቆ የመሰለችውን፣ አንለቅም አሉ። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ሮብሌ በግመሎቹ አንገት በግራ በኩል በጋለ ብረት ይተኩስ፣ ሺርዶን በቀኝ በኩል ይተኩስ ብለው አስማሟቸው። ከዚያ ወዲህ ግራና ቀኝ የተምታታባቸው ቀን ጦር የተማዘዙበት ጊዜ ነበር። አምባሮ የሮብሌ ልጅ ናት፤ ሂርሲ የሺርዶን። ሂባቅ አንዲት ቁልፍ ስትነካ የአምባሮን ግመል አንሥታ ለሂርሲ ዘመዶች ሰጠች ማለት ነው።

ሂባቅን ጠሯት። ባነሩን አየች፣ ሂርሲን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ገለበጥኳት" አለች ቀስ ብላ።

"ግመል እንዴት ይገለበጣል?" አለ ሂርሲ። "ስንቱ ጎልማሳ ተረባርቦ የማይገለብጣትን አንቺ ብቻሽን?"

"በኮምፒውተር ነው አዴር" አለችው እንደ አጎት አክብራ። " አንድ ቁልፍ ይነካል... ግራው ቀኝ ይሆናል።"

"አንድ ቁልፍ ነክተሽ የአንዱን ሀብት ለሌላው ትሰጫለሽ? ይህን ማሽን መንግሥት ያውቀዋል?"

ገበያው በሳቅ ተንጫጫ። ሂርሲ ግን አልሳቀም፤ ከአምባሮ ኋላ የቆሙት የሮብሌ ጎረምሶችም አልሳቁም። አንዱ "ስማችንን አጠፋች" አለ። ሌላው "ገና ደግሞ የሺርዶን ልጆች ካሳ ይጠይቁናል" አለ። ነገር እንዳይከር ሽማግሌዎች ከገበያው ጀርባ ካለው ግራር ሥር እንዲቀመጡ ተባለ።

ጉሌድ ሻይ ቤት ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። በአጠገቡ የነበሩት፣ "ይኸውልህ፣ ማሽኑ አዋረዳት! ደስ ይበልህ" አሉት። ደስ ሊለው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ልጁ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች ብቻዋን ቆማለች። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ።

ግራሩ ሥር ሸምጋዩ ሽማግሌ ዱዓሌ መሃል ተቀምጠዋል። "ነገርን ከሥሩ ነው" ብለው ሂባቅን ጠየቋት፤ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረች። ከዚያ ጉሌድ ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ መሃል ገባ።

"ልጄን እንዳትነኩ! ማሽኑንም እንዳትነኩ!" አለ። ማሽኑን ለምን እንደጨመረ እሱም አልገባውም። "ልጅቷ ከተማ ያደገች ናት። በግራ ይተኩሳሉ በቀኝ ይተኩሳሉ ብሎ ማን ነግሯት ያውቃል? አባቷ እኔ ነኝ፤ ያላስተማርኳት እኔ ነኝ።"

"ማን ያስተምራት? አንተ?" አለች አምባሮ ከወዲያ። "ሽማግሌዎች፣ ይህን ሰው እንዲህ በቀላሉ አትልቀቁት። በዚህ ከተማ ያሉ ወተት ቤቶችን ግድግዳ ሂዱና እዩ! የሮብሌ ግመል ላይ፣ የሺርዶን ግመል ላይ፣ የማንም ግመል ላይ የተተኮሰው ምልክት የማን ነው?"

ሰው ሁሉ በሐሳቡ ከግድግዳ ግድግዳ ይዞር ጀመር። ሽማግሌ ዱዓሌ ጢማቸውን ያዙ።

"ጭኗ ላይ ሁለት ሰረዝ" አሉ ቀስ ብለው።

"የእናቱ ወንድሞች ምልክት!" አለች አምባሮ። "ዕድሜ ልኩን አንዲቱን የአጎቶቹን ግመል እየሣለ ወተታችንን ሁሉ ለአጎቶቹ አከፋፈለው!"

በመጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌ ዱዓሌ ናቸው፤ መቀመጫቸው ላይ እስኪናጡ ሳቁ። ከዚያ የሮብሌ ጎረምሶች፣ ከዚያ ገበያው በሙሉ። ሂርሲ ጆሮ እንኳ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ፣ "ወላሂ፣ እኔማ የነዚህ ሰዎች ግመል እንዲህ በዛ እያልኩ ስቀና ነው የኖርኩት!" አለ።

ጉሌድ ራሱን ለመከላከል ሲጀምር ሂባቅ ወደ እሱ ዞረች። እንባዋ ገና አልደረቀም፤ ግን ትስቃለች።

"አባዬ፣ ለካ ማሽኑ አንተ ነህ! እኔ ቢያንስ ሄጄ ዓዶን አይቻታለሁ። አንተ እኮ አንዲቱን ግመል ዕድሜህን ሙሉ አተምካት!"

ቀልድ ነው፤ ግን ልቡ ላይ አረፈ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ለእሱ ነው። በየቀኑ በፊቱ ያ ሁሉ ግመል ሲያልፍ አንዷንም አላየም። መናደድ አማረው፤ ልጁ ስትስቅ ሲያያት ግን ንዴቱ ጠፋበት።

ፍርዱ ብዙ አልዘገየም። ሽማግሌ ዱዓሌ በሳቅ የረጠበ ዓይናቸውን ጠርገው ተናገሩ።

"አንደኛ፣ በቀኝ አንገቷ ምልክት ያለባት ግመል የሺርዶን ልጆች ናት። ስለዚህ ሂርሲ ግመሏን ከግድግዳው አውርዶ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ጉሌድ የሠራውን ያቃና፤ በየወተት ቤቱ ያለችው ግመል የባለቤቷን ምልክት እስክትይዝ ድረስ እያንዳንዷን እንደገና ይሣል። ልጅቷ አብራው ትሂድ፤ ምልክቱን ከእውነተኛዋ ግመል ላይ በስልኳ እያነሳች ታሳየው። ሁለቱም ያጠፉ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ።"

"እያንዳንዷን?" አለ ጉሌድ። "የከተማውን ወተት ቤት ሁሉ? ይህ ፍርድ ነው ወይስ ግፍ? አርጅቻለሁ እኮ!"

እየጮኸ ነበር፤ ግን ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። ማንም አልተታለለለትም።

ሂርሲ ባነሩን ራሱ አወረደው፤ ጠቅልሎ የጫነውም በገዛ ግመሉ ላይ ነው። "ትታለባለች?" አሉት ጎረምሶቹ። "ባትታለብም መኖ አትበላም፤ ከእናንተ ግመሎች ትሻላለች" ብሎ እየዘፈነ ሄደ። ሚስቱ የጎጆዋ መግቢያ ላይ እንደሰቀለችውና እንግዳ ሁሉ እንደሚያደንቀው በኋላ ተሰማ።

የአምባሮ ግድግዳ እንደገና ባዶ ሆነ።

በማግስቱ ጉሌድ ብሩሾቹን ከምስማሩ አውርዶ ግድግዳው ፊት ቆመ። አምባሮ ከውስጥ፣ "ፊቷ ወደ በሩ! ምልክቷ በግራ!" ብላ ጮኸችበት። ወደ በሩ ካየች የሚታየው ቀኝ ጎኗ ነው፤ የሮብሌ ምልክት ደግሞ በግራ ነው። በግራ ጎኗ ካቆማት ለደንበኛ ቂጧን ትሰጣለች። እጁን አነሣ፤ እጁ ያቺኑ የጥንቷን ግመል ሊጀምር ሲል ያዘው። ሂባቅ ከኋላው መጥታ ብሩሹን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችና፣ "ና፣ እንሂድ" አለችው።

ዓዶ ዘንድ ሄዱ። ጉሌድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ፤ ዝም ብሎ ማየት ብቻ። መጀመሪያ ተቁነጠነጠ። "ቆማለች፤ ምኑን ነው የማየው?" አለ። ሂባቅ፣ "እይ ብቻ" አለችው። ቆየት ሲል ማየት ጀመረ። የአንገቷ ጠጉር ከሆዷ ይልቅ ቢጫ ነው። ስታላምጥ ከንፈሯ ተጣሞ የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ እሱ ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ ነው የሚሥለው። ጉልበቷ ላይ ያለው ደረቅ ቆዳ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ነው። "ይህን ሁሉ ማን ደበቀብኝ?" አለ በልቡ።

ዓዶ ወደ ግራ ትሄድ ነበር። ከኋላዋ ግልገሏ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበርና ጮኸ። ዓዶ ቆመች። እግሯን ሳታዞር፣ ያንን ረጅም አንገቷን ብቻ ወደ ኋላ ጠምዝዛ ወደ ቀኝ አየች። ምልክቷ በግራ አንገቷ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፊቷ ግን ወደ ልጇ ነው።

"አባዬ!" አለች ሂባቅ።

"አየሁ! አየሁ!" ብሎ ጉሌድ ብድግ አለ።

"በስልኬ ይዣታለሁ፤ ላሳይህ?"

"ቆይ፣ አታሳዪኝ! መጀመሪያ እኔ ልሥራት፤ ከተሳሳትኩ ያኔ ታሳዪኛለሽ።"

ግድግዳው ላይ አብረው ዋሉ። እሱ ይሥላል፣ እሷ ስልኳን ይዛ መሰላሉን ትደግፋለች። አፍንጫዋ ላይ ተጨቃጨቁ፤ ሂባቅ አሸነፈች። ጆሮዋ ላይ ተጨቃጨቁ፤ ስልኩ ብዥ ብሎ ኖሮ ጉሌድ አሸነፈ። ጥላው ላይ ማንም አላሸነፈም፤ አምባሮ ወተት ይዛ መጥታ ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው። ምልክቷን እንዲያደርግ ሲደርስ ጉሌድ "በየት በኩል?" ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ ገበያው በአንድ ድምፅ "በግራ!" ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ፣ አንገቷ ከዞረበት በኩል፣ ግልገሉን ሣለ። ግመሏም ደንበኛም ወደዚያው ያያሉ።

ዓይኗን ሲጨርስ ከመሰላሉ ወረደና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሣላቸው ግመሎች በሙሉ ከእሱ ርቀው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ነበር የኖሩት። ይቺ ግን ዞራ አየችው። የደስታ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ልጁ ታየኛለች ብሎ አላፈረም። ሂባቅ አይታ እጁን ያዘችው፤ ቀለም ተለቀለቀች።

ጉሌድ ብሩሹን በቲነሩ ጣሳ ውስጥ ነከረ፤ ግን አላጠበውም፤ አራግፎ እንደገና ያዘው።

"በይ" አላት፣ "ነገስ የማን ግድግዳ ነው?"